መሪው የእኔ፣ ማማተቡ የእሱ

ባለቤቴ ቫኗን ሲገዛ አላማከረኝም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም ከበራችን ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ስወጣ አፍንጫ የሌላት፣ ፊቷ ጥፍጥፍ ያለ፣ ነጭ ትንሽ መኪና ቆማለች፤ እሱ ደግሞ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ከውስጥ ይወርዳል። «እንዴት ናት?» አለኝ። «ደህና ናት፤ አፍንጫዋን ማን መታባት?» አልኩት። ከእሷ ጋር የተዋወቅነው በዚህ ነው፤ ለብዙ ዓመትም ከዚህ የተሻለ ነገር አልተባባልንም።

ሥራው በርበሬ ነበር። ከቡሬ ገበያ ይጭናል፣ እዚሁ ከተማችን ፍኖተ ሰላም ያራግፋል፤ ሲቀናው እስከ ባሕር ዳር ይዘልቃል። ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ ግን ማንም አያገኘውም፤ እሷን ሲያጥብ ነው የሚመሽበት። የእኔን ጫማ አንድ ቀን ጠርጎልኝ የማያውቅ ሰው የእሷን የጎማ ክፈፍ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሲፈትግ አየሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟን ጣውንቴ አልኳት። ጎረቤቶቼ «ባለቤትሽ የት ሄደ?» ሲሉኝ «ከጣውንቴ ጋር ነው» እላለሁ። እነሱ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፤ ግን ሳቁ ውስጥ ትንሽ ቅናት አልነበረበትም ብል እዋሻለሁ።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለና በዚያው ተዘረረ። ስትሮክ ነው አሉን። እግሩ እየተጎተተም ቢሆን ተመለሰለት። ምላሱም ብትከብድ ተመለሰች፤ ቃል ይመርጣል፣ ረጅሙን ነገር ያሳጥራል እንጂ ይናገራል። ያልተመለሰው ቀኝ እጁ ነው። ከትከሻው ተንጠልጥሎ፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ጭኑ ላይ ይቀመጣል። ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰብንም። «እጁ አልሞተም፤ ግን ካላሠራው እንደተኮማተረ ይቀራል» አለን፤ እየጨበጠ እንዲለማመድበትም የጎማ ኳስ ሰጠው። ኳሱ ሳምንት ሳይሞላው ጠፋ። የት አደረግኸው ብዬ ስጠይቀው «እንጃ» አለኝ።

ከእጁ ይልቅ የከበደኝ ከእጁ ጋር አብሮ የቀረው ነገር ነው። እኛ ዘንድ ሰላምታ የቀኝ እጅ ነው፤ ለትልቅ ሰው ግራ እጁን የሚዘረጋ ሰው ሰላም ባይል ይሻለዋል። ማማተብም የቀኝ እጅ ነው። ስለዚህ እሱ ሁለቱንም ተወ። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስለው «በምኔ ላማትብ?» ይለኛል። ዘመዶቻችን ግሽ ዓባይ ጸበል እንውሰደው ቢሉም «ሰው ይበዛል» ብሎ እምቢ አለ። ገበያ መሀል ቆሞ ካገኘው ሁሉ ጋር እየተጨባበጠ ሰዓት የሚያሳልፈው ሰውዬ፣ ቤት ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚውል ሆነ።

ከሁሉ የባሰው የእናቱ ነገር ነው። እናቱ የሚኖሩት ከቡሬ አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ በሚገነጠለው የጠጠር መንገድ ተገብቶ በሚገኝ ገጠር ነው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ መኪና ላይ ሲወጡ ያዞራቸዋልና እሳቸው ወደ እኛ መምጣት አይሆንላቸውም። እሱ ግን በየወሩ ለሚካኤል ሳይጠይቃቸው ቀርቶ አያውቅም ነበር። ሲታመም «ትንሽ አሞት ነው» ተብሎ ተላከባቸው። እሳቸውም በገበያተኛ አፍ መለሱ፤ «ትንሽ ያመመው ሰው ትንሽ ሲሻለው ምነው አይመጣም?» ብለው። መልእክቱን ነገርኩት። ደጋግሜ ስጨቀጭቀው አንድ ቀን ብቻ መለሰልኝ። «እጄን ሳላነሳ ፊቷ አልቆምም» አለ። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር፦ እጁ ካልተነሳ እናቱን አያይም፤ እናቱ ደግሞ ጊዜ የላቸውም።

ቫኗ ግቢ ውስጥ ቆማ አቧራ ለበሰች። ልጃችን ከባሕር ዳር መጥታ «ቆማ ከምትበሰብስ ትሸጥ» አለች። ያለችው ነገር ምንም ስህተት የለበትም። አባቷ ተነስቶ እግሩን እየጎተተ ወጣ። ተከትዬው ብወጣ ቫኗ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። የተቀመጠው ግን በሾፌሩ ወንበር አይደለም፤ ከጋቢናው በቀኝ በኩል፣ በተሳፋሪው ቦታ ነው። የሾፌሩን ወንበር ባዶውን ትቶታል። እዚያ ቆሜ ሳየው አሳዘነኝ፤ እኔ ደግሞ ሳዝን የምቆጣ ሰው ነኝ። «ይህችን ጣውንት ለሌላ ሰው አሳልፌ የምሰጥ መሰለህ? እኔ ራሴ እነዳታለሁ!» አልኩት። አየኝ፤ ከአፉ ግማሽ ጎን ፈገግ አለ። አላመነኝም።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ተመዘገብኩ። እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች አጠገቤ ተቀምጠው የመንገድ ምልክት ያጠናሉ፤ አንዷ «ቲቸር፣ እርስዎም?» አለችኝ። «እኔም» አልኳት። ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው አለፍኩ፤ የወደቅሁበትን ምክንያት ኋላ እነግራችኋለሁ።

ፈቃዱን ይዤ ወደ ቫኗ ስመጣ ግን የተማርኩት ሁሉ ለሌላ መኪና ሆኖ አገኘሁት። የማሠልጠኛዋ መኪና ከፊቷ ሞተር አላት፤ የት ላይ እንደምታልቅ ይታያል። የእኛዋ ሞተሯ ከወንበሩ ሥር ነው፤ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ባዶ መንገድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ስቀመጥባት ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ቡሬ የሚደርስ መሰለኝ። ሞተሩ ሲግል ደግሞ መቀመጫዬ አብሮ ይግላል። «ልትጋግረን ነው እንዴ?» አልኩት። «ለብርድ... ጥሩ ናት» አለኝ። ለእሷ ሲሟገት ምላሱ ትፈታለታለች።

ትምህርቱ ግቢያችን ውስጥ ሆነ። እሱ በቀኜ ተቀምጦ በደህናው ግራ እጁ ያሳየኛል፣ እኔ በቃል እደግማለሁ። ቁልፉ እንደ ማንም መኪና ቁልፍ አይዞርም፤ ጥቂት ወደ ራስ ሳብ ተደርጎ ነው የሚዞረው። የኋላው ተንሸራታች በር ወደ ላይ ከፍ ካልተደረገ ጎልያድም አይከፍተው። የቤንዚን መለኪያዋ ሁልጊዜ ግማሽ ላይ ነው፤ ብትሞላም ግማሽ፣ ብትደርቅም ግማሽ። ታዲያ በምን ታውቃለህ አልኩት። ወርዶ ከኋላ ሄደና ቫኗን በትከሻው ወዝወዝ አደረጋት፤ ጆሮውን አስጠግቶ ውስጧ የሚንቦጫረቀውን አዳመጠ። «እስከ ቡሬ... ታደርሳለች። አትመልስም» አለ። ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት በዚህ ዘመን ይህን ጥበብ ቶሎ ነው የተማርኩት፤ አሁን ጆሮዬን ቫን ላይ ለጥፌ የሚያየኝ ሁሉ እንደጤነኛ አይቆጥረኝም።

ጥሩምባዋ የራሷ ጉድ አለባት። መሪው ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ከተጠመዘዘ ሳይነኳት ትጮኻለች። ከበራችን ስንወጣ ወደ ቀኝ ነው የምንታጠፈው፤ ፊት ለፊት ደግሞ ስለ ውኃ ቦይ ተጣልተን የተኳረፍን አንዲት ጎረቤት አለችኝ። የመጀመሪያ ቀን ስወጣ ጡ... ጡ... አለባት። ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ከዚያ እጇን አውለበለበችልኝ። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። በሳምንቱ «እኔ ክፉዋ ነኝ፤ አንቺ ቀድመሽ ሰላም አልሽኝ» ብላ ጎመን ይዛ መጣች። እውነቱን አልነገርኳትም። እሱ ጥሩምባውን ላሠራው ሲለኝም «ተወው» አልኩት።

ነፋስ ማውጫዋን የከፈትኩ ቀን ልንሞት ነበር። ሞቆኝ አንዱን ቁልፍ ባዞረው ከፊት ለፊታችን ካሉት ቀዳዳዎች የስንት ዓመት የበርበሬ ብናኝ ፊታችን ላይ ተነፋ። እኔ አስነጥሳለሁ፣ እሱ ያስነጥሳል፣ ዓይናችን ያለቅሳል፣ በሩን መክፈት አቅቶናል። ስንረጋጋ «ክልክል... ረስቼ» አለ፤ እንዳትከፍቺው ልነግርሽ ረሳሁ ማለቱ ነው። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሙቀቱን ችሎ መስኮት ከፍቶ ነበር የሚነዳው።

በሌላ ቀን ከመሪው ኋላ ካሉት ምልክቶች አንዷ ቀይ በራች። አፏ ሹል፣ ጠብታ የሚወርዳት፣ ቁርጥ የእጅ ማስታጠቢያ ማንቆርቆሪያ። እኔ እንግዲህ አስተማሪ ነኝ፤ ሥዕል ማንበብ አያቅተኝም። ውኃ ጠማት ብዬ ወርጄ፣ ወንበሩን አንስቼ፣ ራዲያተሩን እስኪተርፈው ሞላሁላት። ተመልሼ ሳስነሳት ማንቆርቆሪያዋ አሁንም ቀይ ናት። ሁለተኛ ባልዲ ላመጣ ስል ወደ እሱ ዞር አልኩ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ደንግጬ ሕመሙ ተነሳበት ብዬ ልጮኽ ስል ነው ሳቁን ያወቅሁት፤ ድምፅ አልወጣው ብሎ እንጂ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። «ዘይት ነው! ዘይት... ነው የጠማት!» አለ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ዘይቱን ስጨምር እኔም ስቄያለሁ፤ ለዚያ ሳቅ ሌላ ባልዲ ውኃ ባፈስ ደስ ይለኝ ነበር።

ያን ሰሞን ነው የጎማውን ኳስ ያገኘሁት። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችውን ትንሽ ኪስ ጨርቅ ፍለጋ ብከፍት ኳሱ ቁጭ ብሏል። እኔ በሕይወቴ የማልከፍተው ቦታ ብሎ የደበቀው እዚያ ነው። አየሁት፣ አየኝ። ኪሷን መልሼ ዘጋሁት። ኳሱን እንደሆነ አይጨብጠውም፤ ልጅ የተደረገ መስሎ ነበር የተሰማው። ይህን ለማወቅ ሠላሳ ዓመት ያህል አብሬው መኖር በቂ ነው።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ማርሹ ነበር። ማርሹ ደረቅ ነው፤ በተለይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ አልመለስም ይላል። እኔ ደግሞ ማርሽ ልቀይር ባልኩ ቁጥር ዓይኔ ከመንገዱ ወርዶ ወደ ማርሹ ይሄዳል። አንድ ቀን ዓይኔ በወረደበት የጎረቤት አጥር ተጠግተን ቆምን። እሱ ተናደደና ግራ እጁን ማርሹ ላይ ጣል አደረገ። «አንቺ እርገጪ፤ እኔ አስገባለሁ» አለኝ። ልብ በሉ፤ እሱ በተቀመጠበት በኩል ለማርሹ የሚቀርበው ደህናው እጁ ነው። እኔ በግራ እግሬ ፍሪሲዮኑን እረግጣለሁ፣ እሱ ማርሹን ያስገባል፣ እኔ ቀስ ብዬ እለቃለሁ። ይህን አንድ ሰው በራሱ የሚሠራውን ሥራ ለሁለት ተካፍለን ስንሠራው አማረብን። ቆይቼ ብቻዬን መቀየር ቻልኩ፤ ግን አልነገርኩትም። እጁ ማርሹ ላይ ሲሆን ጀርባው ቀጥ ይላል፣ አገጩ ከፍ ይላል፤ ይህን ማን ይነጥቀዋል?

አሁን ፈተና የወደቅሁበትን ነገር ላንሳ። ፍኖተ ሰላም ተወልዶ ያደገ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ሳይሳለም አያልፍም። በእግሩ ከሆነ ይቆማል፣ ጎንበስ ይላል፣ ያማትባል። አውቶቡስ ላይ ከሆነ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ሾፌር ሲሆንስ ምን ያደርጋል? ይህን የትኛውም መጽሐፍ አይጽፈውም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሁለቱንም ጊዜ የወደቅሁት በአንድ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው፤ ፈታኙ «ቀጥ ብለሽ ንጂ» ሲል እኔ መሪውን ለቅቄ እሳለማለሁ። በሦስተኛው በሌላ መንገድ ወሰዱኝና አለፍኩ።

የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ቡሬ ያደረግነው መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን ነው። ሰበቤ የወጥ በርበሬ መግዛት ነበር፤ ልቤ ግን እሱን ከግድግዳው ማላቀቅ ነው ያሰበው። ማንኩሳ ልንደርስ ስንል በግራ በኩል ከጽዶቹ መሀል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ አለ። ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፤ አንዱ እጄ ለማማተብ ወደ ግንባሬ፣ ሌላው ነጠላዬን ሊያስተካክል ወደ ትከሻዬ፣ ራሴም ጎንበስ። እግሬ ግን ቤንዚኑን እንደረገጠ ነው። ቀና ስል ቫኗ አስፋልቱን ለቃ ወደ ቦዩ እየሄደች ነው። እሱ በግራ እጁ መሪውን አንቆ ጎተተ፤ እኔ ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሬ ወጣሁበት። አንዱ ጎማ የቦዩ አፋፍ ላይ ሆኖ ቆምን።

ያን ጊዜ ከታመመ ወዲህ ረጅሙን ንግግሩን ሰማሁ። «ልትገድይን ነው? እግዜር... መሪ ይዘሽ ቢያይሽ... ይቀየምሻል?» አለ።

እኔም ፈርቼ ነበርና ጮኽኩበት። «ሳልሳለም አላልፍም! ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልሳለም አልፌ አላውቅም፤ ለአንተ ጣውንት ብዬ አሁን ልጀምር?» ሞተሩን አጠፋሁ። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። የገብስ ነዶ የጫኑ አህዮች በአጠገባችን አለፉ። ነጂያቸው አዛውንት «ደህና ናችሁ? ምን ሆናችሁ?» ብለው በመስኮቱ እጃቸውን ሊሰጡት ሲጠጉ፣ እሱ ቀኝ እጁን ከጋቢው ሥር ደበቀና በራሱ ብቻ እጅ ነሳቸው። አዛውንቱ ቅር ብሏቸው ሄዱ። እሱም ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሲያይ ቆየ።

ከዚያ «አንቺ መሪውን ያዢ» አለኝ። «እኔ... አማትብልሻለሁ።»

ካለው በኋላ ነው ያለው ነገር የገባው። ሁለታችንም ወደ ቀኝ እጁ አየን። ከዚያ በግራ እጁ የቀኙን አንጓ ያዘና፣ የተኛ ሕፃን እንደሚነሳ ቀስ አድርጎ አነሳው። ወደ ግንባሩ ወሰደው፣ ወደ ደረቱ አወረደው፣ ወደ ግራ ትከሻው፣ ወደ ቀኝ ትከሻው። «ይኸው» አለ። እኔ የቆመች መኪና መሪ በሁለት እጄ ጨብጬ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት፣ ምንም አላፈርኩበትም።

ከዚያ በኋላ ሕጋችን ይህ ሆነ፤ መሪው የእኔ፣ ማማተቡ የእሱ። በእኛ አገር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሌለው ጉብታ ብርቅ ነው። እኔም መንገድ የምመርጠው በዚያ ሆነ። ቅርብ የሆነውን ትቼ በሩቁ እዞራለሁ፤ ሽንኩርት ልገዛ ቡሬ ድረስ እሄዳለሁ። ሴራዬን አላወቀም አልልም፤ «ይህችን... ለሽንኩርት?» እያለ ያጉረመርማል፤ ግን ከእኔ ቀድሞ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ይጠብቀኛል። ጉልላት ሲታየኝ «ደረሰ» እላለሁ። እሱም ግራ እጁን ከማርሹ ያነሳና ቀኙን ተሸክሞ ያማትባል፤ አንዱን ለእኔ፣ ሌላውን ለራሱ።

እጁ እየፈታ መጣ። መጀመሪያ ጣቶቹ ተዘረጉ። ከዚያ ከግንባሩ ሲወርድ ግራው ቢለቀውም ራሱን ችሎ ይወርድ ጀመር። ከትከሻ ወደ ትከሻም እየተንቀጠቀጠ ይሻገራል። መውጣቱን ግን ካልተሸከሙት እምቢ አለ። «ግራህን ተወው፣ ብቻውን ይውጣ» ስለው «አንቺ ፍሪሲዮንሽን ተማሪ» ብሎ ይቆጣኛል። ከጭኑ እስከ ግንባሩ ያለችው ያች ስንዝርና ክንድ መንገድ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ረዘመችብን።

እንዲህ እንዳለን ከገጠር ገበያ የመጣች ሴት የእናቱን መልእክት ይዛ መጣች። ቃሉን እንደተነገራት አደረሰችው፤ «ልጄ ካለ አምጡልኝ፤ ከሌለም እንዳለቅስ ንገሩኝ።» ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ እሱ ምሳ አልበላም። በማግስቱ ጠዋት ተነስቼ ባጣው ወጣሁ። ጋቢውን ለብሶ፣ ተላጭቶ፣ በተሳፋሪው ወንበር ተቀምጧል። እጁ አልተነሳም፤ ግን ተቀምጧል። ከኋላ ሄጄ ቫኗን ወዝወዝ አደረግኋት፣ አዳመጥኩ። ታደርሳለች፣ ትመልሳለችም።

ቡሬን አልፈን ከአስፋልቱ ወጣን። የጠጠሩ መንገድ ክረምቱ በልቶታል፤ እኔ መሪውን ጨምድጄ ይዤ ድንጋይ ከድንጋይ እመርጣለሁ። የእናቱ መንደር ከመድረሳችን በፊት አንድ ቁልቁለት፣ ቀጥሎ አንድ ክፉ ዳገት አለ፤ ዳገቱ አናት ላይ በስተቀኝ ሚካኤል ነው፤ እሱ በየወሩ የሚሳለመው። ዳገቱን በሦስተኛ ጀመርን። መሀሉ ላይ ቫኗ ማልቀስ ጀመረች፣ መንቀጥቀጥም ያዛት።

«ሁለተኛ!» አለ።

ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ። እሱ ማርሹን ሳበ፤ ማርሹ እንደ ልማዱ አልገባ አለ። እጁን ጠበቅ አድርጎ ገፋ፣ ሳበ፣ እንደገና ገፋ። በዚያች ቅጽበት የሚካኤል በር በቀኛችን ብቅ አለ። እኔ እጄ ከመሪው አይነሳም። የእሱ ግራ እጅ ከማርሹ አይነሳም። «ደረሰ» አልኩ፤ ከልማድ ነው ያልኩት።

ከጎኔ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀኝ እጁ ነው። ማንም አልተሸከመውም። ከጭኑ ተነሳ፤ ደረቱ ላይ ቆም አለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አገጩን አለፈ፣ ግንባሩን ነካ። እሱ ግን አላየውም፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው፣ ግራው ከማርሹ ጋር ይታገላል። ማርሹ ቋ ብሎ ገባ። እኔ ፈዝዤ እሱን ሳይ እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ቀርቷል፤ ቫኗ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።

«ልቀቂው! ፍሪሲዮኑን ልቀቂው!» ብሎ ጮኸ፤ አንድም ቃል ሳይሰበርበት።

ለቀቅሁት። ቫኗ ዘላ ያዘች፣ እያቃሰተች አናቱ ላይ ወጣች። ሜዳው ላይ ስንደርስ ነው ወደ እጁ ያየው። እጁ ቀኝ ትከሻው ላይ ደርሶ፣ ማማተቡን ጨርሶ፣ እዚያው ቀርቷል። ማርሹን ወደ ሦስተኛ ብቻዬን ቀየርኩት፤ ልብም አላለ።

ወደ እናቱ ግቢ የሚገባው ወደ ቀኝ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻ ስጠመዝዘው ቫኗ ጡ... ጡ... ብላ መምጣታችንን ነገረች። እናቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ከቤት ወጡ። መጨረሻ ካየኋቸው ጊዜ ይልቅ አንሰው አገኘኋቸው። እሱ በሩን ከፈተ፤ ከወንበሩ ሳይወርድ ቀኝ እጁን ዘረጋላቸው። እጁ ከወገቡ ከፍ አላለም፤ ግን ተዘርግቷል። እሳቸው መጀመሪያ እጁን አዩ፣ ቀጥለው ፊቱን አዩ። ሁሉም ገባቸው።

«ይህን ሁሉ ወር የቀረኸውሳ ለዚህ ነው?» አሉት።

«እምዬ፣ እጄን ሳላነሳ...» ብሎ ጀመረ።

«እኔን ልጄ! እኔ የናፈቀኝ አንተ፤ እጅህን ማን ጠየቀህ?» አሉት። ምርኩዛቸውን ጣሉና በሁለት እጃቸው ፊቱን ይዘው ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ዓይኑን እያገላበጡ ሳሙት። ከዚያ የተዘረጋውን እጅ ይዘው ደረታቸው ላይ አደረጉት፤ አልለቀቁትም። እኔ ሞተሩን ማጥፋት ረስቼ፣ መሪውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ነበርኩ።